የስብሰባ መልእክተኛና ያረፈበት ከተማ
(ጄኔቭን ለምሳሌ በማድረግ የቀረበ ጥናት)

ለሥራ ስብሰባ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ሰው ሁለት ነገሮች ይሰጡታል። አንደኛው በወረቀት ተጽፎ የሚታደለው የስብሰባው ፕሮግራም ነው፤ ሁለተኛው ማንም ሳያድለው የሚያገኘው ከተማው ራሱ ነው። ብዙውን ጊዜ መልእክተኛው የመጀመሪያውን ያነብና ሁለተኛውን ሳይገልጠው ይመለሳል። ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ አዳራሽ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሱቅ ይሄዳል፤ ከዚያም ቸኮላት ገዝቶና ያልተነበቡ ወረቀቶች በሻንጣው አጭቆ ወደ አገሩ ይገባል። እኛ ገና ተማሪዎች ስለሆንን እንዲህ ያለ መንገድ አልደረሰንም። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ገብተው መላካቸው አይቀርም፤ የመንገዱም ወጪ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ነገሩን ዛሬ ብናጠናው ጊዜው ገና ነው አይባልም።

«መልእክተኛ የተላከው ለሥራ እንጂ ለሽርሽር አይደለም» የሚሉ አሉ። አባባሉ እውነት ነው። እኛም ሽርሽር ይብዛ አንልም። የምንለው፣ ስብሰባው በዚያ ከተማ የሚደረግበት ምክንያት ስላለው፣ ምክንያቱን ያላወቀ መልእክተኛ ሥራውንም የሚያውቀው በግማሽ ነው ነው።

ለምሳሌ ያህል በስዊስ አገር ያለችውን ጄኔቭን እንውሰድ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1919 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ጉባኤውን የሚያደርገው በዚች ከተማ ነው። ወደዚህ ጉባኤ እያንዳንዱ አገር አራት መልእክተኞች ይልካል፤ ሁለት ከመንግሥት፣ አንድ ከአሠሪዎች፣ አንድ ከሠራተኞች። ሠራተኛው ከመንግሥቱ ተለይቶ ድምፅ ለመስጠት ይችላል። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የድርጅቱ አባል ስለሆነች፣ የእኛ ሰው ወደዚያ የሚሄደው እንደ አዲስ እንግዳ ሳይሆን እንደ ነባር ማኅበርተኛ ነው።

፩ኛ፤ ስለ ከተማው አቀማመጥ

ጄኔቭ የተሠራችው ሐይቁ አልቆ የሮን ወንዝ በሚወጣበት ስፍራ ነው። በስተሰሜን ባለው ዳር የባቡር ጣቢያውና የዓለም ድርጅቶች ሕንጻዎች ይገኛሉ፤ በስተደቡብ ባለው ዳር ደግሞ አሮጌው ከተማ በኮረብታ ላይ ተቀምጧል። መልእክተኛው ከባቡር ጣቢያው በ15 ቁጥር ትራም ተሳፍሮ የተባበሩት መንግሥታት ሕንጻ ካለበት አደባባይ ይደርሳል። ወደ አሮጌው ከተማ ለመሄድ ግን ድልድዩን በእግሩ ቢሻገር ይሻለዋል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ አንድ ግማሽ ቀን ለጥናታችን ይበቃል።

፪ኛ፤ በኮረብታው ላይ ያለው አሮጌ ሕንጻ

በአሮጌው ከተማ መካከል «ኦቴል ደ ቪል» የሚባል የመንግሥት ሕንጻ አለ። በዚህ አንድ ስፍራ ሦስት ነገሮች ተፈጽመዋል።

በ1762 የከተማዋ ሹማምንት የራሳቸውን ተወላጅ የዣን ዣክ ሩሶን መጻሕፍት በሕንጻው ፊት አቃጠሉ። ያንኑ ሰው በ1835 በሐውልት አከበሩት፤ ሐውልቱ ዛሬም በወንዙ መካከል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ተቀምጧል።

በ1864 ደግሞ በዚሁ ሕንጻ ውስጥ 12 መንግሥታት በጦር ሜዳ የቆሰለ ወታደር ከየትም ወገን ቢሆን እንዲታከም፣ ሐኪሞችም እንዳይነኩ ተዋዋሉ። የጄኔቭ ውል የሚባለው የመጀመሪያው ይህ ነው።

በ1872 በዚያው አዳራሽ አምስት ዳኞች ተቀምጠው በአሜሪካና በእንግሊዝ መካከል ፈረዱ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ «አላባማ» የተባለች መርከብ በእንግሊዝ አገር ተሠርታ የሰሜኖቹን የንግድ መርከቦች አጥፍታ ነበር። ዳኞቹ እንግሊዝ 15 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ካሣ እንድትከፍል ወሰኑ፤ እንግሊዝም ከፈለች። አዳራሹ እስከ ዛሬ በመርከቧ ስም ይጠራል።

፫ኛ፤ ከኮረብታው በታች ያለው ቦታ

ከዚህ ሕንጻ ተነሥቶ ቁልቁል ሲወረድ ከሩብ ሰዓት ባነሰ የእግር መንገድ «ዩኒ ዱፉር» ከሚባለው የዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ይደረሳል። ይህን ቦታ የሚጎበኝ የእኛ ሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ለእኛ ከሁሉ የሚበልጠው ስፍራ ይህ ነው። ብዙ ሰው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለመንግሥታት ማኅበር የተናገሩት ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት በሚሰበሰብበት ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ይመስለዋል። ያ አዳራሽ ግን ሥራ የጀመረው በ1937 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 30 ቀን 1936፣ ማለት በእኛ አቆጣጠር በሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በአማርኛ የተናገሩት በዚህ ቦታ በነበረው አሮጌ የምርጫ አዳራሽ ነበር። የኢጣልያ ጋዜጠኞች በፉጨት ያወኳቸውም እዚሁ ነው። አዳራሹ በ1964 ተቃጥሎ ዩኒቨርሲቲው በስፍራው ሠራበት።

፬ኛ፤ ሁለቱን ስናስተያይ

እንግዲህ የጥናታችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በሩብ ሰዓት መንገድ ርቀት፣ አንዱ አቤቱታ ፍርድ ሲያገኝ ሌላው ለምን ሳያገኝ ቀረ?

በ1872 ሁለቱም ባለጉዳዮች ኃያላን ነበሩ፤ የተጠየቀውም ገንዘብ እንጂ አገር አልነበረም። ከዚህም በላይ እንግሊዝ ነገ እርሷ ስትዋጋ ሌሎች ለጠላቷ መርከብ እንዳይሠሩላት ስለምትፈልግ፣ ሕጉ ቢጸና ጥቅሟ ነበር። በ1936 ግን ከሳሿ ደካማ ስትሆን ተከሳሿ በማኅበሩ ምክር ቤት ቋሚ ወንበር ነበራት። እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢጣልያን ለሒትለር እንዳይለቋት ፈሩ። በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ቢደረግም ነዳጅ ዘይት አልተጨመረበትም፤ የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። በ1864 ውል የተጠበቀው ቀይ መስቀል እንኳ አልተረፈም፤ በ1935 መጨረሻ የስዊድን የሕክምና ቡድን በዶሎ አቅራቢያ በቦምብ ተደበደበ። በማኅበሩ ሕግ ላይ አንዱ ሲጠቃ ሁሉም ይረዳው ዘንድ ተጽፎ ነበር፤ ለእኛ ግን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆነብን።

ከዚህ ተነሥቶ «ኃይል የሌለው ቃል ከንቱ ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ግን ይህን በሙሉ አንቀበልም። ንግግሩ በጉባኤው መዝገብ ላይ ሰፍሮ ቀረ። ብዙዎቹ መንግሥታት ወረራውን ሲያጸድቁ፣ ሜክሲኮን የመሳሰሉ ጥቂቶች አላጸደቁም። በአዲስ አበባ ታክሲ ስንጠብቅ የምንቆምበት የሜክሲኮ አደባባይ ስሙን ያገኘው ከዚህ ውለታ ነው። በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። ቃል ብቻውን አገር አያድንም፤ ነገር ግን ማን ወዳጅ እንደ ሆነ ይለያል፣ የኋላውንም ክርክር መሠረት ያስይዛል። በስብሰባ ላይ የሚናገር መልእክተኛ ሊያውቀው የሚገባው ይህንኑ ነው።

፭ኛ፤ ለተግባር የሚሆን ምክር

ሀ) ከመነሣት በፊት፤ ስለ ስብሰባው አንድ ጽሑፍ፣ ስለ ከተማው ታሪክም አንድ ጽሑፍ ይነበብ። ካርታ ተገዝቶ ወይም ተገልብጦ ሦስት ቦታዎች ይመረጡ። ከሦስት ቢበልጡ ድካም ብቻ ይሆናል።

ለ) እዚያ ሲደርሱ፤ ከተማውን ማየት በመጀመሪያው ቀን ይደረግ እንጂ ለመጨረሻው አይቆይ። አስቀድሞ ያየ ሰው ያየውን በንግግሩ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሐ) ሲመለሱ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ከሚቀርበው ሪፖርት ጋር ስለ ከተማው አንድ ገጽ ይጨመር። ቀጥሎ የሚላከው ሰው ከዜሮ እንዳይጀምር ይረዳዋል።

ለመለማመጃ የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን፤
1. በ1936 ነዳጅ ዘይት በማዕቀቡ ቢጨመር ኖሮ ጦርነቱን ያቆመው ነበርን?
2. የሠራተኞች መልእክተኛ ከመንግሥቱ ተለይቶ ድምፅ መስጠቱ አገርን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?
3. አዲስ አበባ ራሷ የአፍሪካ መልእክተኞች የሚሰበሰቡባት ከተማ ናት፤ ግማሽ ቀን ብቻ ያለውን እንግዳ ወደ የትኞቹ ሦስት ቦታዎች እንወስደዋለን? ለምንስ?