ዶሮ ወጡ ለመልስ ይቆይ

ሰመር በመጣ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል። ደዋዩ ይለያይ እንጂ ጥያቄው ያው ነው። «ቤተሰቡ ተሰብስቦ ከሲያትል በክሩዝ አላስካ ሊሄድ ነው። መርከቡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚነሳው። ቅዳሜ ጠዋት ብንገባ አይበቃም?» አይበቃም። «እሺ፣ ዓርብ ገብተን አክስታችን ጋ ብናድርስ?» እሱ ደግሞ ይብሳል። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ቀልድ ይመስለዋል። ሳቁ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት።

መርከብ ኩባንያው ራሱ የሚነግራችሁን አልደግመውም። ኦንላይን ቼክ ኢን አድርጉ፣ የእያንዳንዱን ሰው ፎቶና ፓስፖርት ጫኑ፣ የመግቢያ ሰዓት ምረጡ፣ የሻንጣ ታግ አትማችሁ እሰሩ። አለቀ። ኢሜይሉ ላይ ሰው ሁሉ የሚዘለው አንድ መስመር ግን አለ፦ የተርሚናሉ ስም። ሲያትል ያላት ሁለት የክሩዝ ተርሚናል ነው። ፒር 66 መሀል ከተማ ውሃው ዳር ነው፤ ፒር 91 ደግሞ ከዚያ ወደ ሰሜን አለፍ ብሎ፣ ማግኖሊያ ሰፈር አጠገብ ነው። የኡበር ሹፌራችሁ የአገር ልጅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ እሱም ቢሆን «ክሩዙ ጋ አድርሰን» ስትሉት የትኛውን እንደሆነ በምን ይወቅ?

ወረቀት ላይም አጠር ላድርግ፤ ይህን የዘለለ ግን ከወደቡ በር ይመለሳል። ከሲያትል ተነስቶ አላስካ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ካናዳን ሳይነካ አይመለስም፤ አብዛኛው ቪክቶሪያ ላይ ለጥቂት ሰዓት ይቆማል። ምክንያቱ በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ነው። የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልብ መርከብ በአሜሪካ ወደቦች መካከል ብቻ ሰው እንዳያመላልስ ይከለክላል፤ ትልልቆቹ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም በውጭ ባንዲራ የሚሄዱ ናቸው። ስለዚህ «እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ነው የምንዞረው» የሚለውን እርሱት። ከአገር ትወጣላችሁ፣ ትመለሳላችሁ።

ዜግነት የወሰደ ፓስፖርቱን ይያዝ። ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ካናዳ ቪዛ አትጠይቀውም፤ ግን ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ትፈልጋለች። ግሪን ካርድ ከያዘ ወዲህ ፓስፖርቱን ያላሳደሰ ሰው ደግሞ በየቤቱ አለ። ከአዲስ አበባ በጉብኝት ቪዛ ለመጡ እናትና አባት የካናዳ ቪዛ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካው ቪዛቸውም ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። ሐምሌ 2025 ላይ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ ወደ ሦስት ወርና አንድ መግቢያ ስላወረደችው፣ ከዚያ ወዲህ የተመታውን ቪዛ ገልጣችሁ ሳታዩ ለእማማ ቲኬት አትቁረጡ። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ሰውም ጠበቃውን ሳያማክር ይህን መርከብ አይሳፈር፤ የጉዞ ፈቃድ ሳይዝ ከአገር የወጣ ሰው ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። በቤተሰቡ መሀል ወረቀቱ ያላለቀለት፣ ግን አፍሮ ዝም የሚል ሰው አይጠፋም። በቤተሰቡ የቴክስት ግሩፕ ላይ አትጠይቁት፤ ለብቻው ደውሉለት።

አሁን ወደ ዓርብ ማታ እንምጣ።

የሐበሻ ቤተሰብ ሲያትል ገብቶ ሆቴል አያድርም። ሬንተን ወይም ኬንት ወይም ኤቨረት አንዲት አክስት ትኖራለች፤ መምጣታችሁን ከሰማችበት ቀን ጀምራ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ሆቴል ይዘናል ብትሏት «ምን አስቀየምኳችሁ?» ትላለች። እናታችሁም ከዲሲ ትቀበላለች፦ «እህቴ እያለችልኝ ሆቴል? ሰው ምን ይለናል?» ሰው ምን እንደሚል እኔ ልንገራችሁ፤ ምንም አይልም። ስንት ብር እንደከሰራችሁ ሲሰማ ነው የሚያወራው።

የማውቀው አንድ ቤተሰብ እንዲህ ሆኗል። የወላጆቻቸውን የጋብቻ በዓል ለማክበር ከዲሲ፣ ከዳላስና ከአትላንታ በየአውሮፕላኑ ዓርብ ገቡ። የመጀመሪያው እኩለ ቀን ላይ ደረሰ፣ የመጨረሻው እኩለ ሌሊት ላይ። አክስት የመጨረሻው ሰው ሳይመጣ ማዕድ አታነሳም። ዶሮ ወጡ ወጣ፣ ክትፎው ወጣ፣ መምጣታቸውን የሰማው የአጎት ልጅ ውስኪ ይዞ መጣ፣ እሱን ተከትሎ ጎረቤቱ መጣ። ሌሊቱ ሲገፋ ፍራሽ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋ፤ ሻንጣው ግማሹ ጋራዥ፣ ግማሹ ልጆቹ ክፍል፣ ግማሹ መኪና ውስጥ ቀረ። ጠዋት ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ ሻወር። ሰው ለብሶ እስኪሰበሰብ አክስት ረከቦቱን ዘርግታለች። «ቡና ሳትጠጡማ ከቤቴ አትወጡም።» አቦሉ ተጠጣ፣ ቶናው ተጠጣ፤ በረካው ላይ የሚነሳ ሰው እንደ ባለጌ ነው የሚታየው። ከዚያ የቤቱ አባወራ ቆመው መመረቅ ጀመሩ፤ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም።

በሦስት መኪና ወጡ። አይ ፋይቭ ላይ፣ ስታዲየሞቹ አካባቢ ሲደርሱ የቤዝቦል ጨዋታ ያለበት ቀን ኖሮ መንገዱ ቆሟል። እዚያ ቆመው ነው እናት የእጅ ቦርሳቸውን የፈለጉት። የእሳቸው፣ የባላቸውና የሁለት ሕፃናት ፓስፖርት ያለበት ቦርሳ «እንዳይጠፋ» ተብሎ ማታ መኪና ኮፈን ውስጥ ገብቷል፤ የማን መኪና? ውስኪ ይዞ የመጣው ልጅ መኪና። እሱ ቤቱ ሄዶ ተኝቷል፤ ስልኩ አይነሳም። ቦርሳው በመጨረሻ ሲመጣ ተርሚናሉ ላይ ሻንጣ ተቀባይ የለም፣ የሰልፉ ገመድ እየተጠቀለለ ነው። መርከቡ ግን አልሄደም፤ እዚያው ቆሞ ይታያል። የራሳቸውን ፓስፖርት ኪሳቸው የያዙት ወጣቶች ቀድመው ገብተው ከላይ ሆነው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። በዓሉ የተዘጋጀላቸው ሽማግሌዎች ከሁለቱ ሕፃናት ጋር ታች ቀሩ።

«ቆሞ እያየነው እንዴት አያስገቡንም?» ይህን ስንቴ ሰማሁ! መናኸሪያ አይደለም፤ ረዳቱን «አንድ ሰው ቀርቷል፣ ትንሽ ታገሠን» ብላችሁ የምታስቆሙት ነገር የለም። መርከቡ የመጨረሻውን የተሳፋሪ ስም ዝርዝር ለአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከመነሳቱ ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት ማስገባት አለበት። ዝርዝሩ ከገባ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ልጅ ብታለቅሱባት፣ ብትቆጧት፣ ማናጀር ጥሪ ብትሏት ለውጥ የለውም። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ኩባንያዎች ከመነሻው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድመው የሚዘጉት። ቲኬታችሁ ላይ 4 ፒኤም የሚል ካለ፣ የእናንተ ሰዓት 4 አይደለም፤ 2 ተኩል ነው ብላችሁ ያዙት።

ቀጥሎ የሚመጣውም ሐሳብ ይታወቃል፦ «በአውሮፕላን ጁኖ ሄደን እንቀድመዋለን።» ጁኖ በመኪና አይደረስም፣ በአውሮፕላን ይደረሳል፤ ብትደርሱም አያሳፍሯችሁም። ያ የ1886 ሕግ እዚህም ይመጣል። ጁኖ ተሳፍሮ ሲያትል መውረድ ከአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ መጓዝ ነው፤ ቪክቶሪያ ላይ ለጥቂት ሰዓት መቆሙ ለእንዲህ ያለው ተሳፋሪ አይበቃም። ስለዚህ ቀረ ማለት ቀረ ነው። ገንዘቡም አይመለስም። ኢንሹራንስ ገዝታችሁ ቢሆን፣ ኢንሹራንስ ስለ ዘገየ አውሮፕላን ይሰማችሁ ይሆናል እንጂ «ቡና እየጠጣን ነበር» የሚልን ሰው አይሰማም።

የሚገርመኝ ሒሳቡ ነው። ለመርከቡ ሺዎች የከፈለ ልጅ፣ ለሁሉም እኔ እከፍላለሁ ብሎ በግሩፑ ላይ ያወጀ ልጅ፣ ለአንድ ሌሊት ሆቴል ሲሆን እጁ ያጥራል። ሰመር ላይ የሲያትል ሆቴል ውድ ነው፣ አልክድም። መሀል ከተማ ካልቻላችሁ ሲታክ ኤርፖርት ዙሪያ ረከስ ያለ አለ፤ ብዙዎቹ ከኤርፖርት የሚያመላልስ መኪናም አላቸው። ይህን ወጪ ከመጀመሪያው ከቲኬቱ ጋር ደምራችሁ ንገሩ፤ «በነፍስ ወከፍ ይህን ያህል፣ ዓርብ ሆቴልን ጨምሮ» በሉ። መጨረሻ ላይ ብታመጡት የማይችለው ሰው አቅሙን ላለማሳየት «እኔ እንኳ አክስቴ ጋ አድራለሁ» ይልና ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። አቅም ያለው የሌለውን ክፍል ዝም ብሎ ይክፈል፤ ክፍያውን ግን ማዕድ ላይ አያውራው።

መርከቡ በሚነሳበት ቀን ስለ መብረር ብዙ አልልም። ከምሥራቅ የምትመጡትን የሚያታልላችሁ የሦስት ሰዓቱ ልዩነት ነው። ከዲሲ ጠዋት 7 ተነስቶ ሲያትል 10 ላይ መድረስ ወረቀት ላይ ያምራል። ዳላስ ላይ አንድ የነጎድጓድ ዝናብ ከጣለ ወይም ዲሲ ዳለስ ኤርፖርት ላይ አንድ አውሮፕላን ከተበላሸ ግን የሚቀጥለው በረራ ላይ ለእናንተ ሁሉ የሚሆን ወንበር የለም። ሁላችሁም ዓርብ ከቀትር በኋላ ሲያትል ሁኑ። የመጨረሻው የማታ በረራ ላይ ማንም አይኑር።

ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወላጆችን ደግሞ በቀጥታ ወደ መርከቡ አታምጡ። አየር መንገዳችን ሲያትል ድረስ አይበርም፤ ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ወይም አትላንታ ወርደው ኢሚግሬሽን አልፈው፣ ሻንጣ አውጥተው፣ እንደገና አስገብተው ነው ሌላ አውሮፕላን የሚይዙት። በሰመር የአዲስ አበባና የሲያትል ልዩነት አሥር ሰዓት ነው፤ ሌሊት ሲነቁ፣ ቀን ሲያንቀላፉ ይሰነብታሉ። ቀደም ብለው ልጃቸው ቤት ይረፉ። ሰዓትም ስትነግሯቸው ተጠንቀቁ። የመግቢያ ሰዓታችሁ 11 ኤኤም ከሆነ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተዘጋጁ» ብላችሁ ቴክስት ብታደርጉላቸው፣ እነሱ የሚረዱት ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ ያን ጊዜ መርከቡ ባሕር ላይ ነው። «ከጠዋቱ አምስት ሰዓት» በሉ። እዚህ ላደገው የወንድማችሁ ልጅ ደግሞ በሚገባው ንገሩት።

ሆቴል ከገባችሁ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ይምራ፤ ትልቁ ሳይሆን የማይዘናጋው፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛዋ ሴት ልጅ ናት። ማታውኑ እያንዳንዱ ሰው ፓስፖርቱን አውጥቶ በእጁ ያሳያት፤ ከዚያ በኋላ ፓስፖርት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፣ ሰው መኪና ውስጥም አይቀመጥም። መድኃኒትም እንዲሁ ከእጅ አይለይ፤ ወደቡ ላይ የሰጣችሁት ሻንጣ ክፍላችሁ የሚደርሰው ማታ ሊሆን ይችላል። ሦስት መኪና አትከራዩ፣ አንድ ትልቅ ቫን ያዙ፤ ሲዘገይም አንድ ላይ ይዘገያል። አክስት ድስት ሙሉ ምግብ እንዳትልክ። የቤት ምግብ መርከብ ላይ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ የታሸገ ደረቅ ነገር ካልሆነ በቀር በሩ ላይ ይጣልባችኋል። ጉዞው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሆነና ፍልሰታ የሚጾም ካለ፣ ለኩባንያው አስቀድማችሁ ጻፉ፤ «ቪጋን» በሏቸው፣ ይገባቸዋል።

የሚከብደው ለአክስት መደወሉ ነው። በቴክስት አይሆንም። እናታችሁ ሳትሆን እናንተ ደውሉ፤ እናታችሁ መሀል ላይ ትሸነፋለች። «እትዬ፣ የምንመጣው አንቺን ልናይ ነው። ስንሄድ ግን ቸኩለን ስለሆነ በደንብ አንጫወትም፤ ስንመለስ ቀኑን ሙሉ አንቺ ጋ ነን» በሏት። ማኩረፏ አይቀርም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደግማችሁ ደውሉና «ስንመለስ ምን ትሠሪልናለሽ?» በሏት። መርከቡ የሚመለሰው በማለዳ ነው፤ ብዙ ሰው እስከ ጠዋቱ 9 ተኩል፣ በኛ ሦስት ተኩል ድረስ ወርዷል። የመመለሻ በረራችሁን የዚያን ቀን ማታ ወይም በማግስቱ ያዙት። ከወደቡ በቀጥታ ወደ አክስት ቤት ሂዱ፤ በረካውንም ጠጡ፣ ምርቃቱንም እስከ መጨረሻው ስሙ። የአጎታችሁ ልጅ ውስኪውን ይዞ ቢመጣም የማታውን አውሮፕላን የሚነዳ ሰው ከእናንተ መሀል የለም፤ ኤርፖርት የሚያደርሳችሁን ሰው ብቻ እንዳይጠጣ አስቀድማችሁ ንገሩት።