ሣሩን የጠበቀ ገበሬ አውሬውንም ጠበቀ
ከመንዝ ጓሳ የሚገኝ ትምህርት

የዱር አራዊትን ስለ መጠበቅ ሲነገር ገበሬው በቅድሚያ የሚያነሣው ጥያቄ፣ «ከብቴ በድርቅ እያለቀ ለአውሬው ሣር እንዴት ልተው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ በምክር ብቻ የሚታለፍ አይደለም። መልሱን የመንዝ ገበሬዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ በሥራ አሳይተዋል።

የጓሳ ምድር በሰሜን ሸዋ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ አቅራቢያ፣ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ውርጫም ቦታ ነው። ስሙን ያገኘው ጓሳ ከተባለው ረጅም ሣር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለመጥረጊያ ያገለግላል። በዚሁ ሥፍራ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኙት ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖራሉ። በመላው አገሪቱ የቀረው የቀይ ቀበሮ ቁጥር 500 ገደማ ብቻ ነው።

ቦታው ለረጅም ዘመን የተጠበቀው ቄሮ በሚባል የነዋሪዎች ሥርዓት ነበር። ነዋሪዎቹ በመረጡት አለቃ አማካይነት ምድሩ ለ3፣ አንዳንዴም ለ5 ዓመት ይዘጋል፤ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነው፤ ሕጉን የጣሰ ይቀጣል። ድርቅ ሲጠና ግን በምክክር ይከፈታል። ስለዚህ ጓሳ ለገበሬው የክፉ ቀን ስንቅ ነበር። ቀይ ቀበሮም በሣሩ ውስጥ የሚራቡትን አይጦች እያደነ በዚያው ጥላ ሥር ኖረ። ገበሬው የጠበቀው ለራሱ ሲል ነው፤ አውሬው የተረፈውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሥርዓቱ የተመሠረተው በርስት ላይ ስለነበር የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ መሠረቱን አጣ። አዋጁ ከርስት ውጪ ለነበሩት በር ቢከፍትም፣ የጠባቂው አለቃ ሥልጣን ሲቀር መዝጊያው ላላ፤ አጫጁና ከብቱ በዛ። ነዋሪዎቹ ግን ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። በገበሬ ማኅበራት በኩል የጥበቃ ደንብ አወጡ፤ በኋላም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጓሳ በአማራ ክልል ሕግ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ሆኖ ታወቀ።

ከዚህ ታሪክ የልማት ሠራተኞች የሚቀስሙት ትምህርት የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ አዲስ ደንብ ከማውጣት በፊት በአካባቢው የኖረውን ደንብ ከሽማግሌዎች ጠይቆ መረዳት ያስፈልጋል። የራሱን ደንብ የሚጠብቅ ገበሬ ዘበኛ አያሻውም።

ሁለተኛ፣ መዝጋት ብቻውን አይበቃም። መቼና ለማን እንደሚከፈት አስቀድሞ ያልታወቀ ቦታ በድርቅ ቀን ይወረራል።

ሦስተኛ፣ ለቀይ ቀበሮ ከጥይት የከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም. መባቻ በባሌ ተራሮች ብዙ ቀበሮ የጨረሰው ይኸው በሽታ ሲሆን፣ የሚዛመተው ከገበሬው ውሾች ነው። ውሻን ማስከተብና ማሰር ለልጆችም ለቀበሮውም ደኅንነት ነው።

አራተኛ፣ ቀበሮ ግልገል ሲወስድ፣ ጭላዳም የማሳ ዳር ገብስ ሲያጠፋ የገበሬውን አቤቱታ መስማትና እረኛና ዘብ በተራ የሚያቆም ስምምነት እንዲደረግ ማገዝ ይገባል። ጉዳቱን መካድ መተማመንን ያጠፋል።

በአዲስ ሰፈራ ቦታም እንዲሁ ነው። ደኑና ሣሩ ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ ለክፉ ቀን የሚከፈት ነገር አይኖርም። የሰፋሪዎች ማኅበር ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ የተወሰነ ቦታ በራሱ ውሳኔ ቢዘጋ፣ የሚጠቀመው አውሬው ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ድርቅ ከብቱን ይዞ የሚቆመው ገበሬ ራሱ ይሆናል።