ለቤተሰብ መኪና ሲመርጡ ሁሉንም ጭነው ይሞክሩ

የመጀመሪያውን ክሮስኦቨራችንን በሰባት ወሩ ሸጥኩት። ሞተሩ ጤነኛ፣ ሊብሬው ንጹሕ፣ ቀለሙም የፋብሪካ ነበር። ደላላውም አልዋሸኝም። መኪናው ጥሩ ነበር፤ ለእኛ ቤተሰብ ግን አልሆነም። ይህንን ያወቅሁት ገንዘቡን ከፍዬ፣ ስሙን አዙሬ፣ በገና ዋዜማ ሁሉንም ጭኜ ከጊቢ ስወጣ ነው። በሽያጩ ያጣሁት ገንዘብ ዛሬም ይቆጨኛል። ሁለተኛውን የመረጥነው በሌላ መንገድ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ለቤተሰቡ መኪና ለሚፈልግ ሰው አካሄዱን ልንገር።

መጀመሪያ ወረቀት ይዘው ማን እንደሚሳፈር ይጻፉ። ስንት ልጅ፣ ዕድሜያቸው ስንት፣ ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት አለ ወይ፣ ለበዓል ወዴት ነው የሚኬደው፣ ሲመለሱስ ምን ተጭኖ ነው የሚመጣው? እኛ አምስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ የስምንት ዓመቷ ልጃችንና የሁለት ዓመቱ ትንሹ። የአማቴ ቤተሰብ ደብረ ብርሃን ነው ያለው፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ ስንመለስ ጤፉም ቅቤውም ድንቹም አብሮን ይመጣል። ከአምስት በላይ ከሆናችሁ በአምስት መቀመጫ ለመጠጋጋት አታስቡ፤ ሦስተኛ ረድፍ ያለው እንደ ቶዮታ ራሽ ያለ ሰባት መቀመጫ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ብቻ የመጨረሻው ረድፍ ሲዘረጋ ለዕቃ የሚተርፈው ቦታ ጥቂት መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ።

ቀጥሎ ነዳጅ ወይስ ኤሌክትሪክ የሚለውን ይወስኑ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ቪታራም ይሁን ራቭፎር ወይም ቱሳን የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው የሚያገኘው ከዚያ በፊት የገባውን ያገለገለ መኪና ነው። አዲስ ከፈለጉ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስን ወይም አይዲ 4ን የመሳሰሉ ኤሌክትሪኮች አሉ። ኤሌክትሪክን አልቃወምም፤ ለከተማ ውስጥ ኑሮ እንዲያውም እመርጠዋለሁ። ነገር ግን ሻጩ የሚነግርዎትን ኪሎ ሜትር እንዳለ አይቀበሉ። የዩዋን ፕላስን ትልቁን ባትሪ ይውሰዱ፤ 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለቻይና ገበያ 510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የተመዘገበው መኪና በአውሮፓ ልኬት 420 ነው የተሰጠው። አምስት ሰው ጭነው፣ ዳገት እየወጡ፣ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ሲነዱ ደግሞ ከዚያም ይወርዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ የት ቻርጅ ያደርጉታል የሚለው ነው። ከተራ የቤት ሶኬት ሁለት ኪሎ ዋት ያህል ብቻ ስለሚያገኙ ያን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል፤ በ7 ኪሎ ዋት መሙያ ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ከሆነ ገመዱ ከየትኛው ቆጣሪ እንደሚመጣ ከኮሚቴው ጋር ሳይጨርሱ ቀብድ አይክፈሉ።

አሁን እኔ የወደቅሁበት ቦታ ላይ ደረስን፤ እባክዎ እዚህ ላይ አይቸኩሉ።

የመጀመሪያውን መኪና የሞከርኩት እሁድ ጠዋት ነበር። ከጎኔ ደላላው፣ ከኋላ ማንም የለም። ከቦሌ ተነስተን ቀለበት መንገዱን ዞርን። መኪናው እንደ ውኃ ይፈስ ነበር። ፍሬኑን ሞከርኩ፣ ካምቢዮውን ሰማሁ፣ ኤሲውን ከፈትኩ፤ በማግሥቱ ተፈራረምን። ባዶ መኪና በጥሩ አስፋልት ላይ ሁሉም ጥሩ ነው። ያን ጊዜ ማንም ይህን አልነገረኝም።

የገና ዋዜማ ትንሹን በልጆች መቀመጫው አስረን ከኋላ በግራ አስቀመጥነው። ልጄ መሃል ገባች፤ ቀበቶዋን ስትስብ ግን መሰኪያው የለም። የልጁ መቀመጫ ወገቡ ሰፊ ስለሆነ ላዩ ላይ ተቀምጦበታል። ባለቤቴ እጇን ወደ ጠባቡ ክፍተት አስገብታ ስትታገል የእጇ ቆዳ ተላጠ፤ መሰኪያውን አገኘችው፣ ምላሱ ግን በጎኑ ስለሚገባ ቀጭ ሊል አልቻለም። አማቴ እማማ ደግሞ በቀኝ በኩል እግራቸውን ሲያነሡ ጫማቸው በመቀመጫውና በበሩ ምሰሶ መካከል ተቀረቀረ። የኋላው በር ከታች በኩል በጣም ጠባብ ነበር፤ ሻጩ ጋ ሳለሁ እግሬን አስገብቼ አላየሁትም። እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። «ልጄ፣ ይህ መኪና ለእኔ አልተሠራም» አሉኝ፣ ምንም ሳይቆጡ።

ከዚያ ተነሣን። የእኛ ቅያስ ኮብልስቶን ነው፤ ከጊቢው በር ፊት ለፊት በጎርፍ ቦዩ ላይ የተጣለ የሲሚንቶ ድልድይ አለ። ብቻዬን በየቀኑ ሳልፈው የኖርኩት ድልድይ ነው። ያን ቀን የፊት ጎማ ካለፈ በኋላ ከሥር ብረት ሲፋቅ ተሰማ፤ ልጄ ጆሮዋን ያዘች። ወርጄ ባይ የጭስ ማውጫው ቱቦ ጎብጧል። የኋላው ሞላ ያረጀ ስለነበረ በጭነት ቁጭ ብሎ፣ ሆዱ ወደ መሬት አራት ጣት ያህል ቀርቧል። ደብረ ብርሃን ደረስን፤ ግን በየፍጥነት መቀነሻው እማማ ወርደው ይቁሙ ወይ እያልኩ ነበር የምነዳው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ለሻጩ አስቀድመው «ከቤተሰቤ ጋር መጥቼ አንድ ሰዓት እሞክረዋለሁ፣ ነዳጁን እኔ እሞላለሁ» ይበሉት። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመዎት ሌላ መኪና ይፈልጉ፤ እኛ ሁለተኛውን ስንፈልግ ሁለት ሰዎች እምቢ ብለውናል፣ ሦስተኛው እሺ አለ።

የልጁን መቀመጫ ከቤት ይዘው ይሂዱ። ጣትዎን በኋላው መቀመጫ ወለልና መደገፊያ መካከል ሰድደው ሁለቱን የብረት ቀለበቶች ይፈልጉ፤ አይሶፊክስ የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ካሉ መቀመጫውን እዚያ ይሰኩት፤ ከሌሉ በቀበቶ ያስሩትና በእጅዎ ይነቅንቁት። ሕፃኑ ወደ ኋላ የሚያይ ዓይነት መቀመጫ ከሆነ ያለው፣ ከፊቱ ያለው ወንበር ወደ ፊት ይገፋል፤ በቤቱ ረጅም የሆነው ሰው እዚያ ላይ ይቀመጥና ጉልበቱ ዳሽቦርዱን ይነካ እንደሆን ይይ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ቀበቶ ራሱ ይሰካ። ልጅዎ ያለ እናቷ እርዳታ ቀጭ ማድረግ ካልቻለች፣ አንድ ቀን ሳትሰካው መሄዷ አይቀርም።

አዛውንቱን አይደግፏቸው። ብቻቸውን ይግቡ፣ በሩን ብቻቸውን ይዝጉ፣ ብቻቸውን ይውረዱ፤ ይህንንም ሁለት ጊዜ ያድርጉት። መጀመሪያ ሲገቡ ሰው ለይሉኝታ ብሎ ይታገላል፤ ሁለተኛው ላይ እውነቱ ይወጣል። እማማ በሁለተኛው መኪና ገብተው ሲቀመጡ እግራቸው መሬት ሳይለቅ ዳሌያቸው መቀመጫው ላይ አረፈ። ያን ሳይ ዋጋ መከራከር ጀመርኩ።

ዕቃውንም ይጫኑ። ጤፍ ይዘው መሄድ አይጠበቅብዎትም፤ እኔ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አራት ውኃ ሞልቼ ሄድኩ፣ 80 ኪሎ መሆኑ ነው። ሰዎቹና ዕቃው አብረው ምን ያህል መብለጥ እንደሌለባቸው በአንዳንድ መኪኖች በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ በዚህ መጠን ባሉ መኪኖች 400 ኪሎ አካባቢ ወይም ጥቂት ከፍ ይላል። የእኛን አምስታችንን ብደምረው 240 ኪሎ መጣ። በዓል ሲመጣ የሚተርፈው ቦታ ያን ያህል ሰፊ አይደለም።

ከዚያ ስንዝርዎን ያውጡ። የእኔ ስንዝር 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሜትር ይዤ ከምንበረከክ እጄን ከመኪናው ሆድ በታች አቆማለሁ። መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ሁሉም ተሳፍሮ ይለኩ። መጽሐፉ ላይ ለአዲሱ ቪታራ 18.5፣ ለራሽ 22 ሳንቲ ሜትር ተጽፎ ያገኛሉ፤ ነገር ግን ያረጀ ሞላ መጽሐፍ አያነብም። ሲጫን ከሁለትና ከሦስት ጣት በላይ ከወረደ ሞላውንና ሾክ አብዞርበሩን ማስቀየሪያ ከዋጋው ላይ ይቀንሱ፣ ወይም ይተውት። ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ፦ ሆዱ ባትሪው ነው፤ እዚያ ላይ የሚመታ ድንጋይ የጭስ ማውጫ እንደማጉበጥ በቀላሉ አይታለፍም።

በመጨረሻም እንደተጫነ ወደ ሰፈርዎ ይንዱት። ወደ ቦሌ አይደለም፤ ወደ እርስዎ ቅያስ፣ ወደ እርስዎ በር። በበሩ ያስገቡት፣ በኋላ ማርሽ ያውጡት፣ ሦስት ራስ ከኋላ ተደርድሮ መስታወቱ የሚያሳይዎትን ይዩ። የዕቃ መጫኛውን በር እዚያው ጊቢ ውስጥ ይክፈቱ። ከ2006 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. በተሠራው ራቭፎር የኋላው በር ወደ ጎን ነው የሚከፈተው፤ ግድግዳ ጋ ተጠግቶ ለሚቆም መኪና ይህ በየቀኑ የሚያስቸግር ነገር ነው።

ይህን ካለፈ ዳገት ያስወጡት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የነዳጅ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚሁ ያጣል። በወረቀት 100 የፈረስ ጉልበት ያለው 1.5 ሊትር ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ ወደ 80 ይጠጋል፤ አምስት ሰው ሲጫንበት ደግሞ አስቡት። ቱርቦ ያለው ጉድለቱን በአብዛኛው ይሞላል፤ ኤሌክትሪክን ስስ አየር አይነካውም። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ኤሲ ከፍተው ይውጡ፣ መሃል ዳገት ላይ አቁመው እንደገና ያስነሱት። ፎር ዊል ካልሆነ አልገዛም የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ለአስፋልትና ለኮብልስቶን ኑሮ ያን ገንዘብ በጥሩ ጎማ ላይ ባወጣው እመርጣለሁ። ጎማው መቼ እንደተሠራ በጎኑ ያሉት አራት አኃዞች ይናገራሉ፦ 2319 ማለት የ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው።

ያገለገለ ከሆነ አንድ ነገር ራስዎ ይመልከቱ፤ ለመካኒክ አይተዉት። ቁልፉን ሞተር ሳያስነሱ ሲያዞሩ የኤርባጉ ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎት ይሆናል፤ ምናልባትም ኤርባጉ ፈንድቶ ሳይተካ ቀርቷል። ቀበቶዎቹንም እስከ መጨረሻቸው ይሳቡና ሥራቸው ላይ ያለውን ወረቀት ያንብቡ፤ የተሠሩበት ዓመት ከመኪናው ዓመት በኋላ ከሆነ መኪናው አደጋ ደርሶበት ተጠግኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ልጆችዎን የሚይዙት እነዚህ ናቸው፤ አያፍሩ፣ ሻጩ ፊት ለፊት ይሳቡ።

የቀረው ቀላል ነው፤ የሚያምኑት መካኒክ ከሥር አንሥቶ ይየው፣ ሶማሌ ተራ ገብተው የፍሬን ሸራና የፊት መብራት ዋጋ ይጠይቁ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ያረጋግጡ። መቀመጫው ቆዳ ይሁን ጨርቅ ብለው ከጠየቁኝ ጨርቅ እላለሁ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ቆዳ የልጅ ጭን ያቃጥላል።

ስሙ ከዞረ በኋላ ባለው ሳምንት ዘይቱን ይቀይሩ። ሞተሩ የታይሚንግ ቺንጋ ያለው ከሆነና መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ እርሱንም ይቀይሩት። ለመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ሲነሡ የጎማውን ንፋስ በበሩ ምሰሶ ላይ ለሙሉ ጭነት በተጻፈው ልክ ያስሞሉ፤ የልጁን መቀመጫ ደግሞ ከመነሣትዎ በፊት አንድ ጊዜ ይነቅንቁት።