ስለ መኪና ማገጃ ምሰሶ፤ ገዢ ከዋጋው በፊት ሊጠይቀው የሚገባ

በባንክ ደጃፍ፣ በሱቅ በርና በገበያ መንገድ የሚተከል የብረት ምሰሶ ለዐይን ሁሉም አንድ ይመስላል። ነገር ግን አንዱ የመኪና ማቆሚያን ወሰን ከማመልከት በቀር ሌላ ጥቅም የለውም፤ ሌላው ደግሞ በፍጥነት የሚመጣን የጭነት መኪና አቁሞ የሰው ሕይወት ያድናል። ይህን ዕቃ የሚያስመጣ፣ የሚሸጥ ወይም በደጁ የሚያስተክል ነጋዴ ልዩነቱን ሳያውቅ ቢቀር የሚደርሰው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለምና፣ ነገሩን ባጭሩ እናስረዳለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1983 በቤይሩት ፈንጂ የጫነ የጭነት መኪና ወደ አሜሪካ ወታደሮች ሰፈር ጥሶ ገብቶ 241 ወታደሮች አለቁ። በ1985 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የማገጃዎችን መመዘኛ አወጣ። በፈተናው 6,800 ኪሎ የሚመዝን የጭነት መኪና እየበረረ ከማገጃው ጋር እንዲጋጭ ይደረጋል። በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር የሚሮጠውን ያቆመ «ኬ4»፣ 64 የሚሮጠውን «ኬ8»፣ 80 የሚሮጠውን «ኬ12» ተባለ። በ2007 የወጣው «ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ 2656» በእነዚህ ፈንታ «ኤም30፣ ኤም40፣ ኤም50» የሚሉትን ምልክቶች አመጣ፤ ቁጥሩ ፍጥነቱን በማይል ያመለክታል። በ2023 ደግሞ ዓለም አቀፉ «አይ.ኤስ.ኦ. 22343» ወጥቷል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ኀይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ኤም50 የሚችለው ኀይል ኤም30 ከሚችለው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

ቀጥሎ የሚጻፈው «ፒ» የጭነቱ ሣጥን ፊት ከማገጃው ምን ያህል አልፎ እንደ ቆመ ይገልጻል፤ ፒ1 እስከ 1 ሜትር፣ ፒ2 እስከ 7፣ ፒ3 እስከ 30 ሜትር ነው። ከምሰሶው 3 ሜትር ብቻ ለራቀ ሱቅ ፒ3 አይበጀውም።

ፈተናውን ያለፈው ምሰሶው ከነመሠረቱ መሆኑም አይዘንጋ። የጉድጓዱን ጥልቀት፣ አርማታውን ወይም ፌሮውን የቀነሰ ሰው ያልተፈተነ ዕቃ ተከለ ማለት ነው። ከመሬቱ ሥር ቧንቧ ወይም የመብራት ገመድ ካለ፣ በጥልቅ ባልተቆፈረ መሠረት የተፈተነውን ዐይነት ማዘዝ ይገባል።

የኒው ኦርሊንስ ከተማ የቡርቦን መንገድ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት ነው። ቀድሞ የተተከሉት ተንቀሳቃሽ ምሰሶዎች ሐዲዳቸው በበዓል በሚወረወር ጨሌ እየተደፈነ ተበላሹ። በሌላ በመተካት ላይ ሳሉ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 አንድ ሰው በፒክአፕ መኪና በእግረኛው መንገድ በኩል አልፎ ገባ፤ 14 ሰዎችም ሞቱ። ይተከሉ የነበሩት አዲሶቹም በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ብቻ የታሰቡ እንደ ነበሩ በጋዜጣ ተገለጠ።

እንግዲህ ገዢ የሆነ ሁሉ የመኪናው ክብደት፣ ፍጥነቱ፣ ያለፈው ርቀትና የተፈተነው መሠረት ንድፍ በፕሮፎርማው ላይ ተጽፎ እንዲቀርብለት፣ የፈተናውም ምስክር ወረቀት እንዲያያዝ ይጠይቅ። በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ክፍተት፣ በእግረኛው መንገድ በኩል ያለውም ጭምር፣ ከ1 ሜትር ከ20 አይብለጥ። ተንቀሳቃሽ ከሆነም የጥገናውንና የመለዋወጫውን ውል ከግዢው ጋር አብሮ ይፈራረም። አስመጪም ይህን ሁሉ ለደንበኛው ማሳየት ካልቻለ፣ ዕቃውን የመኪና ማገጃ ብሎ ባይሸጠው ለስሙም ለሰውም ይበጃል።