ዋጋው የከበደው የነርስነት ትምህርት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ዘንድሮ አልተቀበለኝም፤ አንድ የግል ትምህርት ቤት ግን ወዲያው ግቢ ይለኛል፤ ክፍያው ከባድ ዕዳ ነው። ልግባ?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፥ ድውያንን ለማገልገል መነሣትሽ ክቡር ዓላማ ነው፤ ይሁን እንጂ በአሜሪካ የሬጅስተርድ ነርስ (አርኤን) ፈቃድ የሚገኘው ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና በማለፍ እንደ መሆኑ መጠን፥ እንደ ሞንጎመሪ ካለ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በአሶሺየት ዲግሪ የወጣችውም፥ ብዙ ገንዘብ ከፍላ ከግል የአርኤን ትምህርት ቤት የወጣችውም፥ ለዚያው ለአንዱ ፈተና ይቀመጣሉ፥ አንዱንም ፈቃድ ይቀበላሉ። ስለዚህ ከመፈረምሽ አስቀድሞ የስቴቱ የነርሶች ቦርድ ትምህርት ቤቱን ማጽደቁንና ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ሙከራ ፈተናውን ያለፉበትን መጠን፥ ቦርዱ ለሕዝብ ከሚያወጣው መዝገብ መርምሪ፤ ይልቁንም በዚያ የምትማሪው ትምህርት ወደ ባችለር ማዕርግ ለመሻገር የሚያገለግል መሆኑን፥ ከሻጩ ከትምህርት ቤቱ ሳይሆን ከሚቀበሉት ኮሌጆች በጽሑፍ ጠይቂ፤ ይህን ሳይጠይቁ ገብተው፥ ዕዳውን እንደ ተሸከሙ ትምህርቱን ከሀሁ የሚጀምሩትን ሳስብ ልቤ እጅግ ያዝናል። ብዙ ሆስፒታሎች ሠራተኞቻቸውን በትምህርት ክፍያ ስለሚደግፉ፥ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነሽ እየሠራሽ በሚመጣው ዓመት እንደገና ብታመለክቺ ይሻላል እላለሁ።