የተቆለፈ ስልክ ሒሳብ፤ ውሉ ካለቀ በኋላ ቁልፉ የማን ነው?

በስሙ ውስጥ “ስልክ” የሚል ቃል ባለው ክፍለ ከተማ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞና ለቡ ባሉት የሞባይል ሱቆች ከውጭ የመጣ ያገለገለ ስልክ ለሽያጭ ሲቀርብ አንድ ጥያቄ ይቀድማል። “ክፍት ነው ወይስ ሎክድ?” የሚል ነው። መልሱ ዋጋውን ይወስናል። ሁለት ቀፎዎች በሞዴል፣ በቀለምና በባትሪ ጤንነት እኩል ሆነው አንደኛው ሎክድ ከሆነ ዋጋቸው አይገናኝም። ይህን ነጋዴው ያውቀዋል፤ ደላላው ደግሞ ከነጋዴው ይበልጥ ያውቀዋል። ብዙውን ጊዜ የማያውቀው ከአሜሪካ ዘመድ የላከለትን ስልክ ይዞ የመጣው ሻጭ ነው።

ለመሆኑ ሎክ ምንድን ነው? በእያንዳንዱ ሲም ካርድ ውስጥ አገርንና ኩባንያን የሚለይ ቁጥር ተጽፏል። የኢትዮጵያ መለያ 636 ሲሆን ቀጥሎ ኢትዮ ቴሌኮም 01፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ 02 አላቸው። የተቆለፈ ቀፎ ሲም ሲገባበት ይህን ቁጥር ያነብና ከተፈቀደለት ኩባንያ ቁጥር ጋር ያስተያያል። ካልገጠመለት ኔትወርክ አይዝም። ካሜራው ያነሳል፣ በዋይፋይ ቪዲዮ ያሳያል፤ ስልክ ግን አይደወልበትም።

ቁልፉን የሚያስገባው ስልኩን በዱቤ የሚሸጠው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ለምሳሌ ኤቲ ኤንድ ቲ ስልኩን ለደንበኛው ሰጥቶ ገንዘቡን በ36 ወር ክፍያ ይሰበስባል። ውሉ እስካለ ድረስ አሠራሩ በቂ ምክንያት አለው። ዕዳው ሳያልቅ ስልኩ በሻንጣ ተጭኖ ቦሌ ቢገባ ኩባንያው ማንን ይይዛል? ኩባንያዎቹ ለቁልፉ የሚያቀርቡት ዋና መከራከሪያም በማጭበርበር የተወሰዱ ቀፎዎች ወደ ውጭ ገበያ ይወጣሉ የሚል ነው። “ውጭ ገበያ” ከሚባሉት አንዱ ይኸው የጀሞው ሱቅ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ጥያቄው የሚነሳው ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቁልፉ የሚጠብቀው ገንዘብ የለም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር የሰውየውን ንብረት ዋጋ ማሳነስ ብቻ ነው፤ ቅናሹን የሚሸከመው ደግሞ ውሉን ፈርሞ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ነው።

አሜሪካኖች በዚህ ጉዳይ ብዙ ተሟግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕጋቸው የሶፍትዌር ቁልፍ መስበርን ይከለክላል። በ2006 ለስልክ የተሰጠው ልዩ ፈቃድ ከጃንዋሪ 2013 ወዲህ ለተገዙ አዳዲስ ስልኮች በመቅረቱ፣ የራሱን ስልክ ያለ ኩባንያው ፈቃድ የሚከፍት ሰው በሕግ ሊጠየቅ የሚችል ሆነ። ከ114 ሺሕ በላይ ሰዎች አቤቱታ ፈረሙ። ኮንግረሱም ሕግ አወጣና ፕሬዚዳንት ኦባማ ኦገስት 1 ቀን 2014 ፈረሙበት። ይሁን እንጂ ሕጉ ባለቤቱን “መክፈት ትችላለህ” አለው እንጂ ኩባንያውን “ክፈትለት” አላለውም። ኩባንያዎቹ በራሳቸው ፈቃድ በገቡት ቃል ነው ውሉ ያለቀ ደንበኛ ሲጠይቅ የሚከፍቱት። ሌሎች አገሮች ግን አጠር ባለ መንገድ ሄደዋል። ካናዳ ከዲሴምበር 1 ቀን 2017፣ ብሪታንያ ከዲሴምበር 17 ቀን 2021 ጀምሮ ኩባንያዎች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ጃፓንም ከኦክቶበር 2021 ወዲህ ለሚሸጡ ስልኮች ሲም ሎክን በመርህ ደረጃ አንስታለች።

ይህ ለነጋዴው ወሬ ብቻ አይደለም። ከለንደን ወይም ከቶሮንቶ ኩባንያ በቅርብ ዓመታት አዲስ ተገዝቶ የመጣ ስልክ ሲም አልቀበል ካለ፣ ችግሩ ሎክ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው ብሎ መጠርጠር ይቀላል። በአንጻሩ “ከዱባይ የመጣ ነው” የሚለው የደላላ ቃል ዋስትና አይሆንም። ዱባይ መተላለፊያ ናት፤ ያገለገለው ቀፎ መጀመሪያ የተሸጠው አሜሪካ ሊሆን ይችላል።

ገንዘቡ የት ይቀራል?

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይሻላል (ቁጥሩ ለማስረዳት የተወሰደ እንጂ የዕለቱ ዋጋ አይደለም)። ክፍት ሆኖ 50 ሺሕ ብር የሚያወጣ ስልክ ሎክድ በመሆኑ በ30 ሺሕ ብር ተገዛ እንበል። ገዢው ለ20 ሺሕ ብሩ ልዩነት ሲል አደጋ ገብቷል። የአሜሪካው ዕዳ ተከፍሎ ካለቀ፣ ስልኩ ከ60 ቀን ላላነሰ ጊዜ አገልግሎት ላይ ከዋለና ጠፋ ወይም ተሰረቀ ተብሎ ካልተመዘገበ፣ ኤቲ ኤንድ ቲ የመለያ ቁጥሩን ተቀብሎ ያለ ክፍያ ይከፍተዋል። በዚህ ጊዜ 20 ሺሕ ብሩ በሙሉ የደላላው ነው። ዕዳው ካላለቀ ግን ኩባንያው አይከፍትም፤ 30 ሺሕ ብሩም ባንኮኒ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

እንግዲህ ሻጩ ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ዳላስ ላለው ዘመዱ አንድ ስልክ ቢደውል 20 ሺሕ ብር ከኪሱ አይወጣም ነበር ማለት ነው። *#06# ሲጫኑ የሚወጣውን 15 አኃዝ ቁጥር መላክ ብቻ ይበቃል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ ደግሞ ልዩነቱ በብር ሲሰላ ገዝፏል። በግልጽ ለመናገር ሎክ የሚጠላው ሁሉም ነጋዴ አይደለም። ርካሽ ገዝቶ አስከፍቶ ለሚሸጠው ሰው ሎክ እንጀራው ነው።

በአይፎን ላይ ማጣራቱ ቀላል ነው። ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ጄኔራል፣ ቀጥሎ አባውት ውስጥ “ካሪየር ሎክ” የሚለው መስመር “ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ” ካለ ክፍት ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በሲሙ ሥር ቀጭን ቺፕ ተለጥፎ “ተከፍቷል” ተብሎ ለሚሸጠው ነው። ቺፑ ስልኩን ያታልላል እንጂ አይከፍተውም፤ ሶፍትዌሩ በታደሰ ማግስት ኔትወርኩ ሊጠፋ ይችላል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት ደግሞ የሲም ካርድ ማስገቢያ ስለሌላቸው በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት፤ ቺፑ የሚገባበት ቦታም የለም።

ሦስት የተለያዩ ነገሮች ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ይጠራሉ። የኩባንያ ሎክ አንዱ ነው። የቀድሞው ባለቤት ከአይክላውድ ሳይወጣ ሲቀር የሚመጣው መቆለፍ ሌላ ሲሆን እሱን የሚፈታው ባለቤቱ እንጂ የስልክ ኩባንያው አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. መግቢያ የጀመረው የቀፎ ምዝገባም ያልተመዘገበን ቀፎ ከኔትወርክ ለማገድ የታሰበ ነበር፤ ከአሜሪካው ውል ጋር አይገናኝም። ሻጩ የትኛው እንደገጠመው ካላወቀ ለማይመለከተው ጥገና ይከፍላል።

ነገ ለሚመጣው

በአገር ውስጥ ጥያቄው ሳይነሳ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። የሞባይል አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ሲጀምር ኦፕሬተሩ አንድ ብቻ ነበር። ደንበኛ ሲሙን ከቴሌ፣ ቀፎውን ከመርካቶ ይገዛ ነበር። ሌላ የሚሄድበት ኩባንያ የሌለውን ሰው መቆለፍ ደግሞ ትርጉም የለውም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 አዲስ አበባ ሥራ ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ዛሬ የለቡ ነዋሪ ሁለቱንም ሲም በአንድ ስልክ ይዞ የትኛው ፓኬጅ እንደሚረክስ እያየ ይቀያይራል። ያ ስልክ ለአንዱ ኩባንያ ብቻ የተቆለፈ ቢሆን ይህን ማድረግ አይችልም።

በዱቤ የሚሸጥ ስልክ ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት ኬንያን መመልከት ይበቃል። ሳፋሪኮም በናይሮቢ ከጉግል ጋር ሆኖ በጁላይ 2020 ባስጀመረው “ሊፓ ምዶጎ ምዶጎ” ስማርት ስልክ በቀን 20 ሺሊንግ እየተከፈለ ይወሰዳል፤ ክፍያ ሲቋረጥ ስልኩ ይዘጋል። ይህ ከአሜሪካው ሎክ የተለየ የክፍያ ቁልፍ ነው። ለድሃው ገዢ በር ከፍቷል፤ ያለ ማስያዣ ማበደር የተቻለውም በእሱ ነው። ስለዚህ ቁልፍ ፈጽሞ አይኑር ማለት ዱቤም አይኑር እንደ ማለት ይቆጠራል።

ስለዚህም ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የሚቀረው ሥራ ከክልከላ ያነሰ ነው። ባለሥልጣኑ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው ዘርፉን እንዲቆጣጠር ነውና፣ የዱቤ ስልክ ገበያውን ሳይሞላው በውሎች ውስጥ ጥቂት መስመሮች እንዲገቡ ማድረግ ይችላል። የመጨረሻው ክፍያ በተፈጸመ በስንት ቀን ስልኩ ይከፈታል፤ ለመክፈቻ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ስልኩ ለሌላ ሰው ተሸጦ ቢሆንም እንኳ መብቱ ከስልኩ ጋር ያልፋል የሚሉት ይበቃሉ።