በመተማ «ማኅበረሰብ» የሚባለው ማን ነው? የማኅበረሰብ ልማትና የአካባቢ ዕቅድ ጥናት በምዕራብ ጎንደር ቆላ

በማኅበረሰብ ልማትና በአካባቢ ዕቅድ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ውስጥ «ማኅበረሰብ» የሚለው ቃል ብያኔው ያለቀለት ተደርጎ ይወሰዳል። ተማሪው ወረዳ ይመርጣል፤ ከወረዳው ቀበሌዎችን፣ ከቀበሌው የአባወራ መዝገብን ወስዶ ናሙና ያወጣል። በመዝገቡ የተጻፈ ሁሉ የማኅበረሰቡ አባል፣ ያልተጻፈ ሁሉ ከጥናቱ ውጭ ይሆናል። ይህ አሠራር ሰው ከርስቱ በማይነቃነቅበት ደጋ ብዙ አያሳስት ይሆናል። በመተማ ግን መሠረቱ ራሱ ይናጋል።

መተማ ወረዳ ከሱዳኗ ገላባት ጋር የሚዋሰን፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ550 እስከ 1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ዝናቡን በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚያገኝ ቆላ ነው። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ይበቅልበታል። በወረዳውና በአጎራባቹ ቋራ ጉሙዞች ከጥንት ጀምሮ ይኖራሉ፤ በልዩ ልዩ ጊዜ ከደጋ የወረዱ ገበሬዎችም አሉ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም በአራት ክልሎች 440,000 አባወራዎችን በሦስት ዓመት ለማስፈር ሲነሣ መተማና ቋራ ከተቀባይ ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳኑ ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በመተማ በኩል ገብተው በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ተቀምጠው ነበር፤ ለምግብ ማብሰያ ይሆናቸው የነበረውም የአካባቢው እንጨት ነበር። በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግን ከእነዚህ ሁሉ በቁጥር እጅግ የበዛ ሲሆን በየትኛውም የቀበሌ መዝገብ አይገኝም።

የጉዳዩን ክብደት ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየው የዕጣን ዛፍ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ፣ በአንዳንድ አካባቢዎች «ዋልያ መቀር» የሚባለው ይህ ዛፍ ድንጋያማና ጭንጫ በሆነ ተዳፋት ላይ ይበቅላል። በበጋ ወራት ሠራተኞች ምንጋፍ በሚባል መሣሪያ የግንዱን ልጥ በጥቂቱ ይልጣሉ፤ የሚፈሰው ሙጫ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ቁስሉም በየዙሩ እየታደሰ በአንድ ወቅት ብዙ ጊዜ ይለጣል። ዛፉ ሲመናመን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው ማድማት መሆኑ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ፒተር ግሩነንዳይክ፣ አበጀ እሸቴና ባልደረቦቻቸው በመተማ አካባቢ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ሥራ ነገሩን ከዚህ የተወሳሰበ አድርጎታል። የሚደሙትም የማይደሙትም የዛፍ ስብስቦች በተመሳሳይ ፍጥነት እየቀነሱ ነበር። ቡቃያ ይበቅላል፤ ነገር ግን ወደ ለጋ ዛፍነት አይሸጋገርም። ከጎልማሶቹ ዛፎችም በየዓመቱ ከመቶ ስድስትና ሰባት ያህሉ ይሞታሉ። በዚህ ከቀጠለ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ የዕጣን ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ አጥኚዎቹ ገመቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሰፊ ጥናትም ዛፉ በሚገኝባቸው አገሮች ከተጠኑት ስብስቦች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ለአሥርት ዓመታት ተተኪ ዛፍ እንዳልወጣ አሳይቷል።

ታዲያ ቡቃያውን የሚያስቀረው ምንድን ነው? ከዋነኞቹ ምክንያቶች ሁለቱ የከብት ግጦሽና የሰደድ እሳት ናቸው። ሁለቱም ወደ ሰው ይመልሱናል። እሳቱ በበጋ፣ ሣሩ ከደረቀ በኋላ ይነሣል። ከብቱ ግን በከፊል የመተማ ከብት አይደለም። በደምቢያ፣ በጭልጋና በሌሎች የደጋና የወይና ደጋ ወረዳዎች መሬቱ በክረምት በእህል ሲሸፈን የግጦሽ ቦታ ይጠፋል፤ ስለዚህ ከብቱ ወደ መተማ ቆላ ይነዳል፤ አጨዳ ሲያልቅና ቃርሚያው ሲለቀቅ ወደ ላይ ይመለሳል። ይህም ማለት መንጋው የሚወርደው ቡቃያው ከአፈር በሚወጣበት ወቅት ነው። ደኑን ለመጠበቅ በመተማ ቀበሌ የሚጠራው «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ስብሰባ እነዚህን ከብት አርቢዎች አይጨምርም፤ ቢጠራቸውም የሚወርደው እረኛው እንጂ ባለከብቱ አይደለም። በሥርዓቱ የተካሄደ፣ ቃለ ጉባኤውም በሚገባ የተያዘ ስብሰባ የዕጣን ዛፉን ዕድል ከሚወስኑት አንዱን ዋና ወገን ሳያገኝ ይበተናል።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው ግጭት የመስክ ጉዞን አስቸጋሪ ስላደረገው የሳተላይት ምስል ለብዙ ተማሪ ቀላሉ መውጫ ሆኗል። የእርሻ መስፋፋትን ለመለካት መሣሪያው ተገቢ ነው፤ ለሰሊጥ የተመነጠረ መሬት በምስሉ ላይ በግልጽ ይታያልና። የዕጣን ደንን በተመለከተ ግን ሊያሳስት ይችላል። ጎልማሳ ዛፎች ቆመው ሳለ ካርታው «ደን» ብሎ ይመዘግባል፤ ከሥራቸው አንድም ተተኪ አለመኖሩን አያሳይም። በካርታው ላይ ለውጥ ያልታየበት ቦታ ዕድሜው ሊያልቅ የተቃረበ ደን ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ቡቃያ የቆጠረ ሰው ብቻ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም እንዲሁ ችግር አለበት። በተለመደው የማስተርስ ትምህርት አካሄድ መረጃ የሚሰበሰበው ከጥር እስከ መጋቢት ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ ገበሬውም ዕረፍት ላይ ስለሆነ ይመቻል። ነገር ግን በእነዚያ ወራት የአረምና የአጨዳ ሠራተኛው ወደ አገሩ ተመልሷል፤ የደጋው ከብትም ሄዷል። ተማሪው የሚያገኘው ከሦስቱ አንዱን፣ ቋሚውን ነዋሪ ነው። ለዚህ ስሕተት የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዚህ ቆላ በሚሰነጣጠቀው የመረሬ አፈር ውስጥና በግራር ሥር ትኖራለች፤ የቀን ሠራተኛውም በየማሳው ሜዳ ላይ ያድራል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ወረርሽኙ ሲነሣ ምክንያቱ ከመተማና ከሁመራ ከተመለሱ ሠራተኞች ጋር ተያይዟል። የመተማ የእርሻ ልማት ዕቅድ የሠራተኛ መጠለያን ሳያካትት ሲቀር ውጤቱ ከጣና ምሥራቅ በሚገኝ ሌላ ወረዳ ሊታይ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

ጎንደር ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ፣ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ሠራተኛን በአንድ ቡድን አድርጎ በጤና ጣቢያ ያሠለጥን ነበር። የዕቅድ ትምህርት ዛሬ አንድ ተማሪ ለብቻው የሚሠራውን ጽሑፍ መልሶ በእንዲህ ዓይነት ቡድን ቢያዋቅረው፣ አንዱ ቡቃያ ሲቆጥር ሌላው ከእረኞች ጋር ሊነጋገር፣ ሦስተኛው በደምቢያ ባለከብቶቹን ሊያገኝ ይችላል።

የሕጉ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን እንደ አንድ የይዞታ ዓይነት አውቋል። በመተማ ይህ መብት ለቀበሌው ነዋሪ ብቻ ቢሰጥ፣ ተጠቃሚው ማኅበር ከብቱን ከቡቃያው የመከልከል ሸክም ይወድቅበታል፤ ለባለከብቱ አማራጭ መኖ ካልተዘጋጀም መከልከሉ ግጭት ነው። ስለዚህ የዕጣን ደን አስተዳደር ዕቅድ የመኖ ክፍል ሊኖረው ይገባል፤ የመኖውም ክፍል የሚጻፈው በገንዳ ውሃ ብቻ ሳይሆን በቆላ ድባና በአይከል ጭምር ነው። ለዚህ ጥናት ቢያንስ ሁለት የመስክ ጉዞ ያስፈልጋል፤ አንዱ በሐምሌ ከብቱና የአረም ሠራተኛው ባሉበት፣ ሌላው በየካቲት ዕጣኑ በሚሰበሰብበት። የሐምሌው ጉዞ በጭቃው ምክንያት ውድ ነው፤ በአብዛኛው የበጀት ዓመት መለወጫም ላይ ስለሚውል የመስክ አበሉ የሚለቀቀው መንጋው ሊመለስ ሲቃረብ ይሆናል።